አሥራ አንድ ሴኮንድ

ሩሻብ ስልኩን መዝጋት ረሳ። «በሉ እንግዲህ አንቲ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አደራ» ብሎ ተሰናብቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ሲያደርገው ኢንዱማቲ ፔድኔካር ኮሽታውን ሰማች፤ መዝጋቱን ግን አልሰማችም። ሙምባይ ዳር፣ ዳሂሳር ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ መስኮት ሥር እንደቆመች፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳትነጥል አዳመጠች። «በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሳችው» አለ ሩሻብ ለሌላ ሰው። «ስልኩን ታቅፋ ነው መሰለኝ የምታድረው።» ሳቅ ተሰማ። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ፤ ታናዝ የምትባለው፣ የዘፈን መራጭ ቢሮው አለቃ ናት። «ዘፈኗ ምስሉ ላይ እንደገባ ነገርካት እንዴ?» «ኧረ እኔ! ምን በወጣኝ!» «እንዳትነግራት። ዛሬ ማታ ነው የምናስረክበው፤ ካወቀች ትኮራብናለች።» «እሷ? እሷ እኮ አስገቡልኝ ብላ ራሷ ትከፍለናለች!» እንደገና ሳቅ፣ ከሳቁ በኋላ የቡና ማሽን ጩኸት፤ ከዚያ አንዳቸው ስልኩን አይተውት መሰለኝ መስመሩ ተቋረጠ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኢንዱማቲ በሙምባይ ያሉትን የዘፈን መራጭ ቢሮዎች ደጃፍ ሁሉ ረግጣለች። የነዚህ ቢሮዎች ሥራ ቀላል ነው፤ ድራማ የሚሠራው ሰውዬ «እዚህ ጋ የሚያስለቅስ ነገር እፈልጋለሁ» ሲል የሚያስለቅስ ነገር ይፈልጋሉ፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ያስፈርማሉ፣ ምስሉ ላይ ያስገባሉ። ሥራው ቀላል ስለሆነ ወንበሩ ውድ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዘፈኖቿን አሮጌ ናቸው አሏት፤ ልክ ስትሆኑ ጥሩን አሏት፤ በአገሩ ቋንቋ፣ በማራቲኛ፣ ስለሆኑ አይሸጡም አሏት፤ በሚቀጥለው ዓመት ማራቲኛ ፋሽን ሲሆን ደግሞ ማራቲኛቸው የሰፈር ይሸታል አሏት። አንዱማ ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ሰምቶ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ «ከምስሉ ይበልጣል፣ ምስሉን ያሳፍርብናል» ብሎ መለሰላት። እሷ ግን ሃያ ስድስት ዓመት በከተማው ትምህርት ቤት ለስድሳ ስድሳ ልጅ ድምፅ አወጣጥ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ለስድሳ ልጅ የታገሠች ሴት ለነዚህ አትታገሥም ማለት ዘበት ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ አዲስ ቅጂ ትልካለች፣ በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ደውላ «ደረሳችሁ?» ትላለች። ስድቡን ሰምታ አልተናደደችም ብል እዋሻለሁ፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ግን ከስድቡ ውስጥ አንዲት ቃል ለቅማ ያዘች። ምስሉ ላይ ገብቷል። ዛሬ ማታ ያስረክባሉ። ይህን ለማወቅ ስንት ሰው ስንት ገንዘብ ይከፍላል!

የቀረው ፊርማ ነበር። «ችግሩ ምን መሰለዎት አንቲ» ብሏት ነበር ሩሻብ በዚያው የጠዋት ጥሪ፣ በዚያ ማር በተቀባ ድምፁ፤ «የደራሲዎች ማኅበሩ መዝገብ ላይ ሁለት ስም ነው ያለው። ዜማ ኢንዱማቲ፣ ግጥም ጋጃናን። የሳቸውን ፊርማ ካላመጡልን መንካት አንችልም።» ጋጃናን ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በሕይወቱ የጻፈው ረጅሙ ድርሰት የባንክ ፎርም ነው። ስሙ መዝገብ ላይ የገባው የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ አባታቸው ሁለቱንም ይዞ ወደ ደራሲዎች ማኅበር በሄደ ቀን ነው። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ግጥሙን ጮክ ብሎ አነበበው፦

ሌሊቱን ቆሜ አደርሁ ድምፅህን ስጠብቅ፣
ገና ሳትሞላኝ ነው መንገድ የምትናፍቅ።
ጎረቤት ሁሉ አየኝ ባዶዬን ተሸክሜ፣
ና እንጂ፣ ላፍታ እንኳ፣ ላግኝህ ፊት ቆሜ።

አንብቦ ሲጨርስ በመነጽሩ አናት ላይ አሻግሮ የሃያ ሁለት ዓመቷን ልጅ አያት። የአባትየው ፊት ደም መሰለ። «ግጥሙ የሱ ነው» አለ ወንዱን ልጅ በአገጩ እየጠቆመ፤ «እሷ ዜማውን ብቻ ነው።» ያላገባች ልጅ «ሳትሞላኝ» ብላ ስትዘፍን ሰው ምን ይላል? ጋጃናንም ፈረመ። እሷ ያኔ ወረቀት ነው፣ ምን ያደርገኛል ብላ ተወችው። ወረቀት ምን እንደሚያደርግ የገባት ዘግይቶ ነው።

ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በሃያ ሩፒ ቫዳ ፓቭ፣ የድንች ጥብስ የተከተተበት ዳቦ፣ ገዝታ፣ ቃሪያውን ለብቻ አስጠቅልላ፣ የሴቶች ፉርጎ ውስጥ በሩ አጠገብ ቆማ በላች። መቀመጫ አልነበረም። ከጎኗ አንዲት ሴት አተር ትፈለፍላለች፤ ሌላዋ የፀጉር መያዣ ትሸጣለች፤ አንዷ ደግሞ ከአማቷ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ ፉርጎው በሙሉ ለአማቲቱ ፈረደ። ቻርኒ ሮድ ጣቢያ ወርዳ በእግሯ ወደ ጊርጋም ሰፈር ሄደች። ጋጃናን የሚኖረው ሁለቱም በተወለዱበት አሮጌ ሕንፃ፣ በረጅሙ የእንጨት ሰገነት ላይ ሃያ በር በተደረደረበት፣ በሁለተኛው ፎቅ ነው። እናትና አባት ሲሞቱ ሁለቱ ክፍሎች የሱ ሆኑ። ማን እንደወሰነ አይታወቅም። ለኢንዱማቲ የነገራት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም። በዓመት አንዴ፣ ለጋኔሽ በዓል፣ ጣፋጭ ይዛ እንደ እንግዳ ትመጣለች፣ እንደ እንግዳ ወንበር ይሰጣታል።

ጋጃናን በግማሽ እጅጌ ካናቴራው ከማራገቢያው ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ከባንክ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጋዜጣውን እንደ መሥሪያ ቤት ነው የሚገባበት። «ምነው ያለ በዓል?» አላት ከጋዜጣው ሳይወጣ። ሚስቱ ኩንዳ ከጓዳ ብቅ ብላ እጇን በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ኢንዱ! ደህና ነሽ? ከስተሻል» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ሻይ ልትጥድ ተመለሰች። ኩንዳ ከሦስት ልጅ፣ ከአንዲት አማትና ከዚህ ሰውዬ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ኖራለች፤ ልጆቹ ሄዱ፣ አማቲቱ ሞተች፣ ሰውዬው ቀረ። ማራገቢያው ይንቋቋል። የጋጃናን ወሬ ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሕንፃውን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ስለመጣው ተቋራጭ። አራት መቶ አምስት ካሬ ጫማ ሊሰጡት ነው፣ ባለ ሊፍት፣ ባለ በረንዳ፤ በረንዳው ግን ከካሬው ይታሰብ አይታሰብ ገና አልተለየም። ስለዚያ በረንዳ ሩብ ሰዓት ተናገረ። የተወለደችበት ክፍል ሲፈርስ እሷንም እንደሚመለከታት አንድም ጊዜ አልመሰለውም። ኢንዱማቲ ሻይዋን ጠጥታ ጨርሳ ቢሮው የላከላትን የፈቃድ ፎርም አውጥታ ጋዜጣው ላይ አስቀመጠችለት።

መነጽሩን አደረገ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። «ስሜ ከታች ነው ያለው» አለ።

«ከላይም ከታችም ዋጋው አንድ ነው፣ ዳዳ» አለችው፤ ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ነው የምትጠራው። «እዚህ ጋ ብቻ ፈርምልኝ።»

«ዋጋ ሳይሆን ወግ ነው። ግጥም ከዜማ ይቀድማል። ደግሞ...» ወደ ጓዳ ዞር ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስሚ እንጂ! ዘፈንሽ ድራማ ሊገባልሽ ነው!»

ኢንዱማቲ ለሷ ያለው መስሏት ልብ አላለችውም። ኩንዳ ግን ቀይ ሆና ወጣች፤ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት እንዲያ ስትቀላ አይታ አታውቅም። «ዘፈኔ?» አለች ኩንዳ አፏን በሳሪዋ ሸፍና። «ያ፣ ‹ሌሊቱን ቆሜ አደርሁ› የሚለው? ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ ሊሰማው ነው ማለት ነው?» ከዚያ ወደ ኢንዱማቲ ጠጋ ብላ፣ እንደ ምሥጢር፦ «ከሠርጋችን በፊት እኮ ነው የጻፈልኝ። በደብዳቤ። እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። አባቴ ሌላ ሰው አምጥቶልኝ ነበር፣ መሐንዲስ፤ እኔ በዚያ ደብዳቤ ነው እምቢ ያልሁት።»

ኢንዱማቲ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ማራገቢያውን አየ።

ዝም አለች። ለሱ አዝና አልነበረም፤ ማንም እንዳይሳሳት። ዝም ያለችው ፊርማውን ስለፈለገች ነው። ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ዋጥ አድርጋለች፤ ይህንንም ትውጠውና፣ ይፈርማል፣ ታመሰግናለች፣ በስምንት ሰዓቱ ባቡር ትመለሳለች። ጋጃናን ዝም ብሎ ቢፈርም ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ ኩንዳም በደብዳቤዋ እንዳመነች ትኖር ነበር። ሰውዬው ግን ዝም ማለት አልተፈጠረበትም። እስክሪብቶውን አንስቶ፣ አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ንግግር ጀመረ። «ይኸውልሽ ኢንዱ፣ ስንት ዓመት ነው በየቢሮው ስትለምኚ የኖርሽው? እኔ ነግሬሽ ነበር፣ ልመና ክብር የለውም ብዬ። አሁን ምን መጣ? ግጥሙ ነው ያመጣው። ጥሩ ቃል አይጠፋም፤ ቁጭ ብሎ ቀኑን ይጠብቃል። ዜማውማ...» ለሚስቱ በደግነት ፈገግ አለላት። «ዜማውማ ቀላል ዜማ ነው። የትኛዋም አስተማሪ ልታወጣው ትችል ነበር። ኢንዱም ደህና አድርጋ ነው የሞከረችው።»

ኢንዱማቲ ስኒውን አስቀመጠች። «ዳዳ» አለችው፤ «‹ባዶዬን ተሸክሜ› ሲል፣ ባዶዬን ማለት ምን ማለት ነው?»

«ልብ ነዋ! ባዶ ልብ።»

«ባልዲ ነው።»

ማራገቢያው ይንቋቋል።

«ባልዲ ነው» አለች ኢንዱማቲ እንደገና፣ ትምህርቱ ላልገባው ልጅ እንደምትደግም። «ቢጫው፣ እጀታው የተሰበረው፣ በሽቦ ያሰርነው። ቧንቧው ያኔ ግቢ ነበር፣ ለሃያ ቤት አንድ። ውኃ የሚመጣው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት ነው። እናታችን ጉልበቷን ታማ ስለነበር የምሰለፈው እኔ ነበርሁ። መጀመሪያ ቧንቧው ያንኮራፋል፤ ‹ድምፅህን ስጠብቅ› ያልሁት እሱን ነው። ባልዲው ሳይሞላ ደግሞ ቀጥ ይላል። አንድ ሌሊት ከፊቴ ስምንት ሴቶች ነበሩ፤ ባዶዬን ይዤ ስመለስ በደረጃው ላይ ነው ዘፈኑን ያወጣሁት፣ እስከ ሁለተኛው ፎቅ። ዳዳ ተኝቶ ነበር። እሱ ለውኃ ተነሥቶ አያውቅም።»

ጋጃናን «ሰው ከልቡ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ኩንዳ ወደ ጓዳ ገባች፤ የድስት ክዳን ሲነሣና ሲገጠም ተሰማ። ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ባሏን «እርስዎ» ብላ ነው የምትጠራው፤ በሰው ፊት ብቻ ሳይሆን ለብቻቸው ሲሆኑም፣ ሲያማትም፣ ስትወልድም። «እውነት ነው?» አለችው። «እርስዎ አልጻፉትም?»

«ኩንዳ፣ የድሮ ነገር ነው፣ ምን...»

«ለሦስት ልጅ እሹሩሩ ያልሁት በሱ ነው። በእህቴ ሠርግ ላይ ቆሜ ዘፍኜዋለሁ፣ ባሌ ለኔ የጻፈው ነው ብዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለቧንቧ ነው የዘፈንሁት?»

«ስሜቱ የኔ ነው እኮ! ቃሉን ብዋስም ስሜቱ...»

«አንተ!» አለችው።

አንዲት ቃል ናት። ጋጃናን ግን በጥፊ የተመታ ያህል ወደ ኋላ አለ። ኩንዳ ከካላንደሩ ጀርባ አንድ ነጭ ወረቀት ገንጥላ ፎርሙ ላይ አስቀመጠችለት። «ጻፍ» አለችው። «ቃሉም ዜማውም የእህቴ ነው፣ እኔ አንዲት ቃል አልጻፍሁም ብለህ ጻፍ። ቀን አድርግበት። ባንክ ነው የኖርኸው፣ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃለህ።» ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ እንደሆነ ሁልጊዜም ውብ ነበር፤ ሌላ ነገር ስላልነበረው ይሆናል። ሁለቱንም ወረቀት ፈረመ። ኩንዳ ወረቀቶቹን ለኢንዱማቲ ሰጥታ መጋረጃውን ጋረደችና አረንጓዴውን የበዓል ሳሪዋን ለብሳ ወጣች።

«የት ነው?» አለ ጋጃናን።

«ከኢንዱ ጋር።»

«ምሳስ?»

«ሩዙ ተጥዷል። ኩከሩ ሦስት ጊዜ ሲያፏጭ ታጠፋዋለህ» አለችው ጫማዋን እየተጫማች። «ቀላል ዜማ ነው።»

በባቡሩ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ብቻቸውን ሆነው አያውቁም፤ ሁልጊዜ በመካከላቸው ሰውዬው ወይም ሻይው ነበር። ኢንዱማቲ ይቅርታ ልትጠይቅ አሰበች፤ ግን ለምን ጥፋት? እውነት ስለተናገረች ነው ወይስ ሠላሳ ዓመት ዘግይታ ስለተናገረች? ልቧ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክፉ ደስታ እንዳለች ታውቃለች፤ ያችን ደስታ ይዞ ይቅርታ መጠየቅ ውሸት ነው። ዳዳር ጣቢያ ላይ ኩንዳ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኢንዱማቲ እጇን ልትይዛት ጎንበስ አለች። ኩንዳ ስትስቅ ነበር የምትንቀጠቀጠው። «መሐንዲሱን እኮ ነው የተውሁት!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ለባልዲ ብዬ!» ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ ኩንዳ የምር አለቀሰች፤ ኢንዱማቲም ተነሥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

ቢሮው አንደሪ ውስጥ፣ ከጂምናዝየም በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ቆዳ ሶፋው ላይ የታናዝ ውሻ ተኝቷል፤ ደራሲዎች የሚቀመጡት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ግድግዳው ላይ «ሙዚቃ ነፍስ ነው» የሚል በኒዮን መብራት የተጻፈ ነገር አለ፤ አንዱ ፊደል ጠፍቶ ይብልጨለጫል። ሩሻብ ከጆሮ ማዳመጫው ውስጥ አንዱን ብቻ አውጥቶ፣ «አንቲ! መጡ! እሺ፣ ትንሽ ይታገሡን» አለ። ትንሹ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ኩንዳ አሥር ጊዜ ሰዓቷን አየች፤ ኢንዱማቲ አንድም ጊዜ አላየችም። በመጨረሻ የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ገቡ፤ ታናዝ፣ የፀጉሯን ግማሽ ብርማ ያስቀባች ሴት፣ የጋጃናንን ፊርማ ከላይ ከላይ አይታ ወደ ጎን አደረገችው።

«ውይ፣ ይሄ እንኳ አያስፈልግም» አለች። «ቃሉን ዳይሬክተሩ አውጥቶታል። ዜማው ብቻ ነው የገባው፣ በዋሽንት። አሥራ አንድ ሴኮንድ። ሴትዮዋ ከመኪና መስኮት ውጭውን ስታይ።»

«መቼ ነው ያወጣው?» አለች ኢንዱማቲ።

«ትናንት።»

«ዛሬ ጠዋት እኮ ነው ፊርማ አምጪ የተባልሁት።»

ታናዝ ሩሻብን አየችው። ሩሻብ «ለኔ ማን ነገረኝ!» አለ። «ቃሉ ለቤተሰብ ድራማ ትንሽ ደፋር ነው ተባለ» አለች ታናዝ እየተነሣች፣ ነገሩን ለመዝጋት። ኩንዳ ሳቋ እንዳያመልጣት መሐረቧን አፏ ውስጥ ከተተች። አራት ገጽ ውል መጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ይፈርማል፤ ኢንዱማቲ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ደራሲዋ ሥራውን በመላው ዓለምና ከዓለም ውጭ ባለው ሕዋ ሁሉ፣ አሁን ባለውና ወደፊት በሚፈጠር መሣሪያ ሁሉ፣ ለዘለዓለም አስተላልፋለች።»

«ሕዋ ማለት?» አለች ኩንዳ። «ጨረቃም ላይ?»

«ፎርማሊቲ ነው አንቲ» አለ ሩሻብ፤ «ሁሉም ላይ ያለ ነው።»

«ፎርማሊቲ ከሆነማ ይውጣ» አለች ኢንዱማቲ። ከቦርሳዋ የራሷን እስክሪብቶ አውጥታ አንቀጹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘችው። «አሥራ አንድ ሴኮንድ ለዚህ ድራማ ፈቅጃለሁ። ለሌላ ስትፈልጉት ደግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ስሜ መጨረሻው ላይ ይጻፋል።»

ታናዝ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች። ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «ሚስ ፔድኔካር፣ ሁሉም እንዳለ ነው የሚፈርሙት። እኔ ጋ እንዲህ ያለ መቶ ዜማ አለኝ።»

«እንግዲያው ከመቶው አንዱን ያስገቡ» አለች ኢንዱማቲ። ተነሣች። «እኛ ውጭ እንቀመጣለን።»

ውጭ ወጥተው ኢንዱማቲ ሶፋው ላይ፣ ውሻው አጠገብ ተቀመጠች፤ ውሻውም ቦታ ለቀቀላት። ኩንዳ በጆሮዋ፣ «ቢተዉትስ? ዘጠኝ ዓመት አይደለም እንዴ የጠበቅሽው?» አለቻት። ኢንዱማቲ ጠዋት የሰማችውን፣ ስልኩን ታቅፋ ታድራለች የሚለውን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ነገረቻት። «ምስሉ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ አልቋል። ዛሬ ማታ ካላስረከቡ ይቀጣሉ። አሁን ሌላ ዜማ ቢያመጡ ሴትዮዋ ከመኪናው መስኮት ውጭውን እንደ አዲስ ማየት አለባት። አይተዉትም። ግን ትንሽ ይጨሳሉ።» ጨሱም። በመስታወቱ ውስጥ ታናዝ ስልክ ይዛ ስትመላለስ ታየች፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ጩኸት በስልኩ ተሻግሮ እስከ ውሻው ድረስ ይሰማ ነበር። ሩሻብ ሦስት ጊዜ ወጣ። መጀመሪያ እየሳቀ መጣ፦ «አንቲ፣ በኔ ሞት፣ ከሥራዬ ጋር አያጣሉኝ።» ቀጥሎ ተቆጥቶ መጣ፦ «እድሉን ያበላሹታል፣ ከዚህ በኋላ ማንም አይጠራዎትም!» ሦስተኛው ላይ ሳቁም ቁጣውም አልቆበት፣ ላብ ላብ ብሎት፣ አዲስ የታተመ ገጽ ይዞ መጣ። ሕዋው ወጥቷል። ዘለዓለሙም ወጥቷል። ኢንዱማቲ በጣቷ እየተከተለች እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች።

«ፔድኔካር ነው እንጂ ፓንዴካር አይደለም» አለችና ወረቀቱን መለሰችለት።

«ኧረ በፈጠረሽ ፈርሚ!» አለች ኩንዳ።

«ስሜ ነዋ።»

ሩሻብ አራተኛ ጊዜ ሄደ። ፈርማ ሲወርዱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ፣ መንገዱ በመኪና ታፍኖ፣ የጂምናዝየሙ ሰዎች በየመሮጫው ላይ ወደየትም ሳይደርሱ ይሮጡ ነበር። ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር ኢንዱማቲ፤ ዘጠኝ ዓመት ስታስበው በዚህ ቀን ታለቅሳለች ብላ ነበር የምታስበው። የተሰማት ረሃብ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሴኮንድ፣ ያለ ቃል፣ በዋሽንት። ሰው አፉን ከፍቶ አዛግቶ ሳይጨርስ ያልፋል። ከጣቢያው በር ላይ ሁለት ሳህን ሚሳል ፓቭ፣ የሚያቃጥል የባቄላ ወጥ ከዳቦ ጋር፣ አዘዙ፤ ኩንዳ ሁለት መቶ ሩፒ ከደረቷ አውጥታ ከፈለች፣ ኢንዱማቲም አልተከራከረቻትም። የኩንዳ ስልክ ለሰባተኛ ጊዜ ጮኸ። የባሏን ስም አይታ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ያን የባሌን ወረቀት ምን ታደርጊዋለሽ?» አለች ኩንዳ። «አያስፈልግም አሉ እኮ። ስጪኝ ልቅደደው።»

ኢንዱማቲ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበችው። ያ ወረቀት ለቢሮው አያስፈልግም ነበር፤ ለድራማውም አያስፈልግም። ለሷ ግን፣ ጋጃናን ራሱ በገዛ እጁ፣ በዚያ ባማረ ጽሑፉ፣ ቀን አድርጎ የጻፈው ነው። «አይቀደድም» አለች። «ሰኞ ማኅበሩ ቢሮ እሄዳለሁ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም እንዲስተካከል አመለክታለሁ። ከዚያ ዘፈኑ ቃሉም ዜማውም የኔ ነው፤ እንደገና ስልከው ማንንም አላስፈርምም።»

«በአንድ ቀን ይጨርሱልሻል?»

«አንቺ ደግሞ!» አለች ኢንዱማቲ ዳቦውን እየቆረሰች። «ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ ኃላፊው የለም ይሉኛል፣ ቀጥሎ ማኅተም ጎደለ ይሉኛል፣ ከዚያ ፋይሉ ጠፋ። ስድስት ወር። ዓመትም ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ነው እንግዲህ።»

ኩንዳ የሳህኑን መረቅ በዳቦዋ ጠርጋ ጨረሰች፣ ጣቶቿን ጠረገች፣ ስልኳን አንሥታ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እኔም እመጣለሁ» አለች። «መቀመጥ ከሆነ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ተለማምጃለሁ።»